ታሪኩ የኔ ነበር

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

ዛሬ የወሩ ንግግሬ ነበር፣ ለመምህራን። ከሠላሳ ስምንቱ አሥራ አንድ መጡ። ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ የፊዚክሱ ኤያል፣ እንደ ልማዱ የፈተና ወረቀት ሲያርም ቆየ። ሁለቱ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው... ያችኑ ስላይድ አወጣሁ። «የኢትዮጵያ ተማሪ ትሑት ነው። ዝምተኛ ነው። ዓይን ለዓይን አያይም፤ ከአክብሮት ነው።» ስጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። አንዷ ለመክሰስ የቀረበው ቡሬካስ ከየት እንደተገዛ ጠየቀችኝ።

አሥራ ስምንት ዓመት። መጋሼር ነው የሥራዬ ስም። እዚህ እስራኤል፣ በትምህርት ቤቱና ከኢትዮጵያ በመጣን ወላጆች መካከል ድልድይ። ድልድይ... የሚረገጥ ነገር።

ባለቤቴ ማሬ «እንዴት ነበር?» አለች። «ደህና» አልኩ። ሁልጊዜ ደህና ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ልጄ ኬረን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ሰሃን ታጥባለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትከሻዋም። «ምንድን ነው የምትሰሚው?» አልኳት። በዕብራይስጥ መለሰች፣ እንደ ወትሮዋ።

«ሲቫን አዲስ ራፕ አወጣች፣ አባ። አልሰማህም? ሁሉም እኮ ሰምቶታል።»

ሲቫን! የእማማ ሃዳስ ልጅ። የዛሬ ስድስት ዓመት ተማሪዬ ነበረች። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠረጴዛ የምትደበድብ። ታሃና መርካዚት፣ ዋናው አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ፣ ገበያው ውስጥ፣ የስልክ ሽፋን ትሸጣለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ኦገስት ላይ ሦስት ጊዜ ደውላልኝ ነበር። አላነሳሁም። ሥራ በዝቶብኝ... ኦገስት ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ምን ሥራ?

እውነቱ፣ ያን ሰሞን የመጀመሪያ ዘፈኗን ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ነበር። ስሟን ሲጠሩት ጣቢያውን ቀየርኩ።

የአዲሱ ስም «ስፖንጃ»። ወለል ማጠብ! ለዘፈን እንዲህ ያለ ስም ይሰጣል?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ሰማሁት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ መስኮት ዘግቼ።

ታሪኩ የኔ ነው።

የኔ ነው! የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ዖሜር፣ የሀብታሞቹ ሰፈር። አንዲት ሴት ቤቷ ሰዎች ልትሰበስብ፣ «ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ ባህልና ክብር» እንዳስተምር ጠራችኝ። ቀደም ብዬ ደረስኩ። በሩን ከፈተች፤ አየችኝ። «ውይ፣ ተመስገን! ቶሎ በል፣ እንግዶቼ ሊመጡ ነው» አለችና ባልዲውንና የወለል መጥረጊያውን እጄ ላይ አስቀመጠች። ስልክ እያወራች ወደ ጓዳ ገባች። እኔ... የሸሚዜን እጅጌ ጠቀለልኩ። ሳሎኑን አጠብኩ። እንግዶቹ ገቡ። «መምህሩስ?» አሉ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ሴትዮዋ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። «ለምን አልነገርከኝም?» አለች። ሳቅሁ። ገና ባልደረቀው ወለል ላይ ቆሜ ስለ ክብር አንድ ሰዓት አስተማርኩ።

ለማሬ እንኳን አልነገርኳትም። ለአባቴ፣ ለአባባም። አንድ ቀን ብቻ፣ አሥር ልጆች ለነበሩበት ክፍል፣ ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ አወጣሁት። ከዚያ «ደብተራችሁ ላይ እንዳትጽፉ» አልኳቸው።

አሁን መቶ አርባ ሺህ ሰው ሰምቶታል። ስሜ የለበትም። «አስተማሪዬ» ብቻ። እንዲህ ትላለች፦ አስተማሪዬ አራት ቋንቋ ያውቃል፤ በአራቱም እምቢ ማለት አያውቅም።

በያንዳንዱ ዙር ደግሞ ጥቁሮች የሚሰደቡበት ያ ስድብ። ኩሺ። ኩሺ። ኩሺ። እኔ በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በአፌ አልጠራሁትም። «የ'ኩ' ቃል» ነው የምለው፣ ስላይዱም ላይ።

የሚያቃጥለኝ ግን ስድቡ አይደለም። ጥሩ መሆኑ ነው። ጥሩ ዘፈን ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

የመምህራን ክፍል ገባሁ። ከኤያል ስልክ የማን ድምፅ ይሰማል? የሷ። ስድስት ሰው ከቦታል። ያ ኤያል! ወረቀቱን አስቀምጦ!

«ቢምረው፣ ና እስቲ። ይቺ ልጅ የኛ ተማሪ ነበረች አይደል? ይሄ ነገር የምር የሆነ ነው?»

የታሪክ አስተማሪዋ ቀደመችኝ። «እሷ ራሷ ቃሉን ሃያ ጊዜ እየጠራችው ልጆቹን እንዴት አትበሉ እንላለን?» አለች። ሌላዋ «እኔ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች፤ ድምጿ ዝቅ አለ። «ባለፈው ዓመት አዲሷን ኢትዮጵያዊት የሂሳብ መምህርት ኮሪደር ላይ አይቼ ሽንት ቤቱ ወረቀት አልቋል አልኳት። ሂሳብ መምህርት መሆኗን ከሰዓት በኋላ ነው ያወቅሁት።» ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

ይህን ጥያቄ አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት! እነዚሁ ሰዎች። እዚሁ ክፍል።

ኤያል ደገመልኝ። «እውነት የሆነ ነው?»

«አይመስለኝም» አልኩ። «ዘፈን ነው። ያጋንናሉ።»

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

መቶ ዘጠና ሺህ። ከሥሩ አስተያየቶቹን አነበብኩ። ማንበብ አልነበረብኝም። አንዱ «ይቺ ልጅ በሦስት ደቂቃ የሠራችውን የሃያ ዓመት ንግግር አልሠራውም» ይላል። ማነው ይሄ? ያውቀኛል?

በሐሰት ስም ጻፍኩ፦ «ባህላችንን ያዋረደ ዘፈን።» አምስት ደቂቃ ቆይቼ አጠፋሁት። በዚያ አምስት ደቂቃ ሁለት ሰው ወዶት ነበር።

ማሬ ከሥራ ስትመለስ አስሰማኋት። ስለ ሰውዬው ማንነት ምንም አላልኩም። ሁለቴ ሰማችው፤ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «የኛ ሥራ ቦታም እንዲህ ነው እኮ» አለች። እሷ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት፤ በየሳምንቱ ቢያንስ የአንዱ አረጋዊ ልጅ መጥቶ «ነርሷን ጥሪልኝ» ይላታል። እንዲህ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት። ሃያ አንድ ዓመት አብረን ኖረን!

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መቼ ጠየቅኸኝ? ልጅቷ ናት ያስታወሰችኝ።»

ልጅቷ። ልጅቷ። «ምኑ ነው የሚያስደንቀው?» አልኳት። አየችኝ።

«ቀንተሃል።»

ቅናት? እኔ? በሃያ ሦስት ዓመት ልጅ?

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ሆኜ አየሁ። እንደሆነው ልጻፈው።

የአሥራ አንደኛ ክፍሎቹ ደረጃው ላይ ነበሩ። ኬረን ስታልፍ ኤይታን የሚባለው ረጅሙ ልጅ ያንን አዝማች ዘፈነባት። ስድቡን ጨምሮ። ጓደኞቹ ሳቁ። ልወርድ ተነሳሁ... ግን ልጄ አልሸሸችም። ቆመች።

«ቀጥል» አለችው። «የሚቀጥለውን መስመር ታውቀዋለህ?»

አያውቀውም። እሷ አለችለት፣ እስከ መጨረሻው፣ ፊቱ ላይ። ልጁ ቀላ።

«እናንተው ራሳችሁ ትሉት የለ እንዴ!»

«ሲቫን ስትለው ስለ ራሷ ነው። አንተ ስትለው ስለ ማን ነው?»

ይጣላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ኤይታን ቁጭ አለ። ምን እንዳለ ሁሉንም አልሰማሁም፤ ከሞሮኮ ስለመጣች አያቱ ነበር። እሷም ቤት ታጥብ ነበር፣ ሞሮኮዎች ቁጡ ናቸው፣ ቢላ አውጪ ናቸው ይሏቸው ነበር... ኬረንም ተቀመጠች። ሌሎቹም። ደወል ተደወለ፤ የተነሳ የለም። ልትጠራቸው የወጣችው አስተማሪ ራሷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ።

አርባ ደቂቃ ስልክ የነካ የለም።

በልጄ መኩራት ነበረብኝ። መስኮቱን ዘጋሁ።

ከሰዓት በኋላ ራሴ ግጥም ሞከርኩ። ስምንት መስመር። «ወንድማማችነት» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ገባ። ቀደድኩት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

መናሄሌታችን፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ናአማ፣ ቢሮዋ ጠራችኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ፈርመው አስገብተዋል። ለማህበረሰባችን በዓል ለሲግድ ዝግጅት ሲቫን ትምጣልን ብለው። የመጀመሪያው ፊርማ የኬረን ነው።

«እኔ ራሴ አላውቅም» አለች ናአማ። «ቃሉ ይከብደኛል። ግን ልጆቹ እንዲህ ሲያወሩ አይቼ አላውቅም። አንተ ምን ትላለህ? የማህበረሰቡ ሰው አንተ ነህ።»

ያን ጊዜ... በቃ፣ አልኩት።

«ሽማግሌዎቻችን በጣም ተጎድተዋል» አልኩ። «በሲግድ ቀን እንዲህ ያለ ዘፈን... ለኛ ውርደት ነው።»

አንድም ሽማግሌ አላናገርኩም። አንድም።

ናአማ በረጅሙ ተነፈሰች። ቀለላት። «በጽሑፍ ስጠኝ» አለች። ሰጠኋት። ያማረ ዕብራይስጥ ነው፤ ስለ ትሕትናችን፣ ስለ ዝምታችን።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ተወሰነ። ሲቫን አትመጣም። ናአማ ደውላ ነግራታለች። ለኔ «አመሰግናለሁ፣ ከስህተት አዳንከኝ» አለችኝ። ዝግጅቱን እንደ ሁልጊዜው እኔ እመራለሁ።

ጥሩ ስሜት ተሰማኝ። ይህንንም እጽፈዋለሁ። እስከ ምሳ ድረስ ጥሩ ስሜት ተሰማኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ናአማ ለወላጆች ሁሉ ደብዳቤ ላከች። «የማህበረሰቡ ሽማግሌዎች በዘፈኑ ማዘናቸውን በመረዳት...» ይላል። ሽማግሌዎች። ለስድስት መቶ ቤት!

ኬረን ስልኳ ላይ አንብባ ቀና አለች። «የትኞቹ ሽማግሌዎች፣ አባ?»

«አንቺ የማታውቂያቸው።»

«አባባን ጠይቀሃቸዋል?»

ሻይ ልቀዳ ተነሳሁ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ሰንበት ሳይገባ ልጽፈው። እጄ ላይ እያለ።

እንደየሳምንቱ አባባ ቤት ሄድን። አባባ አየሉ ሰባ ዘጠኝ ሞላቸው። ኤሜቅ ሳራ የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ካርቶን ሲጭኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ዕብራይስጣቸው «ጫን፣ አውርድ፣ ነገ ና» ነው። ገና ሳንቀመጥ ኬረን በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ዘፈን... አንተ... ተቆጣህ?»

«የምን ዘፈን?»

ኬረን ወደኔ ዞረች። ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አስጀመረችው። አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደኔ።

«ምን ትላለች?»

«ተዉት አባባ፣ የልጆች ነገር ነው።»

«ሥራህ ማስተርጎም አይደለም? አስተርጉምልኝ።»

ምን ላድርግ? ኬረን መልሳ አስጀመረችው። መስመር በመስመር እያስቆመች። በሩ ተከፈተ... ሴትዮዋ ባልዲ ሰጠችው... የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ... በገዛ አፌ። አዝማቹ ጋ ስደርስ ቆምኩ። «በል» አሉኝ። አልኩት፦

ኩሺ መጣ፣ ኩሺ መጣ፣ እግራችሁን አንሱ፤
ስለ ክብር ሊያስተምር ነው፣ እስኪደርቅ ታገሱ።

ሳላስበው ቤት መታ። በዚህ መሐል እንኳ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ የሷ እንጂ የኔ እንዳልሆነ ትዝ ብሎኝ ቀናሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አባባ ወደኔ ጎንበስ አሉ። «ሰውዬው ማነው?»

ሁለቱም ያዩኛል።

«እኔ ነኝ።»

ኬረን እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባባ ፊታቸው አልተለወጠም።

«ቤቱ ሰፊ ነበር?»

«ሰፊ ነበር።»

«አጥርተህ አጠብኸው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ አላወቅሁም። ሲረጋጉ ኬረን ደብዳቤውን እንዳስተረጉም አደረገችኝ። እሱንም አስተረጎምኩ። «ሽማግሌዎች አዝነዋል» የሚለውንም።

«ስሜን ለምን አስገባህ?»

«ስምዎን አልጠራሁም። ሽማግሌዎች ነው ያልኩት።»

«እኔ ሽማግሌ አይደለሁም?»

ስልኩን ለኬረን መለስኩላት።

«በልጅቷ አልተቆጣሁም» አሉ። «የሆነውን ነው የተናገረችው። አሁን ግን ተቆጣሁ። በማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።»

ኬረን እስከ ቤት ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ገበያ ሄድኩ። የሲቫን ሱቅ ከአውቶቡስ ጣቢያው ማዶ ያለች ጠባብ ቦታ ናት፤ ግድግዳው ሁሉ የስልክ ሽፋን። አንድ ወታደር ስልኩ ላይ መስታወት እያስለጠፈ ነበር። ጨርሳ እስክትሸኘው ቆሜ ጠበቅሁ። ፀጉሯን ተቆርጣለች። ዕድሜዋ ከኬረን ብዙም የሚርቅ አይመስልም። በሷ ነው እንቅልፍ ያጣሁት?

«ሽማግሌዎች ተጎዱ ብዬ ለናአማ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ናአማ ደውላ 'ሽማግሌዎች' ስትለኝ ገባኝ። እነሱ ሌላ የሚጠይቁት ሰው አላቸው?»

ይቅርታ ልል የሄድኩ ሰው፣ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ። «ታሪኬን ለምን ወሰድሽብኝ?»

አሁን ተቆጣች። «ልጠይቅህ ሦስት ጊዜ ደወልኩ! ሦስት ጊዜ! አይሆንም ብትለኝ እተወው ነበር። አላነሳህም። መልእክት ላክሁ፤ አንብበኸዋል፣ ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆኗል።»

እውነቷን ነው። «የድሮ ተማሪህ ነኝ፣ አንድ ፈቃድ ልጠይቅህ» ይል ነበር። አንብቤ ዘጋሁት።

«ያን ቀን ክፍል ውስጥ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ አሥራችንም መሬት ዋጠን። እናቴ ዖሜር ውስጥ ነው የምታጸዳው፣ ታውቃለህ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው እውነት ነገረን። ከዚያ አትጻፉ አልከን። በሚቀጥለው ሳምንት መልሰህ ስለ ትሕትና ስላይድህን ይዘህ መጣህ። በዚያ ነው የተናደድኩት። በሴትዮዋ አይደለም። ባንተ።»

ከዚያ ደንበኛ መጣ። ይቅርታ ያልኩት ሽፋን የምትመርጥ ሴት አጠገብ ቆሜ ነው። ሲቫን ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን እምቢ አልገባኝም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

ለናአማ ነገርኳት። ሽማግሌ የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ አልኩ። «ለምን?» አለች። አንድ ሺህ ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር። «ቀንቼ ነው» አልኩ። በዕብራይስጥ ሲባል አጭር ቃል ነው።

«ለስድስት መቶ ወላጅ ጽፌያለሁ፣ ቢምረው!» ጮኸች። መጮኽ ይገባታል። ውሌ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፤ ሁለታችንም እናውቃለን። በመጨረሻ «ማስተካከያውን እኔ እልካለሁ። ለመምህራኑ ግን አንተ ራስህ ትነግራቸዋለህ» አለች።

ሲቫንን መልሳ ደወለችላት። ለሲግድ አልመጣም አለች። ለጌጥ አልቆምም አለች።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

የሲግድ ዝግጅት ተደረገ። አነበብኩ፤ አጨበጨቡ። ኬረን አልነበረችም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

ሠላሳ አምስት መምህራን መጡ። ቡሬካስ አልነበረም።

ያለ ስላይድ ቆምኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። «የዘፈኑ ሰውዬ እኔ ነኝ» አልኩ። የዖሜሩን ነገርኳቸው፣ ከበሩ እስከ ወለሉ። ባልዲውን ለምን ተቀበልኩ? እሱንም ነገርኳቸው፤ እዚያው ስቆም ነው የገባኝ። ፈርቼ አልነበረም። ሴትዮዋ እንዳታፍር ብዬ ነው። ለኔ ያላሰበችውን ኀፍረት እኔ ለሷ አሰብኩላት። ቃሉንም ጠራሁት፣ ሙሉውን።

ከዚያ የደብዳቤውን ነገርኳቸው።

ማጨብጨብ አልነበረም። ኤያል እጁን አነሳ።

«ልጠይቅህ ነው፣ እንዳትቀየመኝ። ያ ስላይድህ... ዝምተኞች ናቸው፣ ዓይን አያዩም፣ አታስጨንቋቸው የሚለው። እኔ ወረቀት እያረምኩም እሰማህ ነበር። ታዘዝኩህም። አሥር ዓመት ሙሉ የናንተን ልጆች ሰሌዳ ጋ አልጠራሁም። ዝም ሲሉ አክብሮት ነው ብዬ አለፍኳቸው። ያልገባቸው ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም። ከፍተኛው የፊዚክስ ክፍል ውስጥ ከናንተ አንድም ልጅ የለኝም። የኔ ጥፋት ነው። ግን... ያንተስ?»

ብዙ መልስ መጣብኝ። ባህል ነው፣ አውዱን አልተረዳኸኝም... ዋጥኩት።

«የኔም ነው» አልኩ።

ሁለት ሰዓት ቆየን። ሁለት ሰዓት! ብዙውን ጊዜ ያወሩት እነሱ ናቸው። ያቺ የሽንት ቤት ወረቀቷ መምህርት አለቀሰች፤ የሂሳቧ መምህርት «እኔን ልታባብይኝ ሲገባ እኔ ላባብልሽ ነው?» አለቻት፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በምር። አስታራቂ ልሆን አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁ።

ቤት ስገባ ማሬ «እንዴት ነበር?» አለች።

«ከባድ ነበር» አልኩ። ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ከስምንት ዓመት በፊት ያለውንም። መጨረሻ ላይ «የቷ ናት ሴትዮዋ?» አለች፣ ተነስታ የምትሄድ ይመስል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ሲቫን መጣች። ለዝግጅት አይደለም፣ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርት። በጂንስና በሹራብ፣ ያለ ማይክ። አልዘፈነችም። «ጠይቁኝ» አለች፣ ጠየቋት። ኤይታን ቃሉን ዘፈኑ ውስጥ መጥራት እንደማይችል ገብቶታል፣ ግን አብሮ ሲዘፍን እዚያ ቦታ ሲደርስ ምን ያድርግ? ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «ዝም በል» አለችው። «እዚያ ጋ ስትደርስ ዝም በልና ዝምታው ምን እንደሚመስል ስማው።»

ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ይህን እኔ ማለት ነበረብኝ! ከየት ነው የምታመጣው? አሁንም አቃጠለኝ፣ እውነት ለመናገር። ባንድ ወር የሚለቅ ነገር አይደለም።

ስትወጣ «ያን ታሪክ አንተው ስትናገረው እንዴት እንደነበረ ኬረን ነገረችኝ» አለች። ኬረን እዚያ አልነበረችም፤ ከየት ሰማች? ከኤያል ነው አሉ። ልጄ ስለኔ ለሰው አወራች።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 8

ኬረን ወደ ከፍተኛው የፊዚክስ ክፍል ገባች፣ ለሙከራ። እሷን ጨምሮ ከኛ አራት ልጆች። ኤያል በየቀኑ ሰሌዳ ጋ ይጠራታል፤ ዛሬ ተሳስታ ተናዳ መጣች። በአማርኛ ነው የተናደደችው። «አላወቅሁም ነበር! ሁሉም ያየኛል!» አለችኝ። አማርኛዋን አላረምኩም።

ያንን ስላይድ አጥፍቼዋለሁ። በምን እንደምተካው አላውቅም። ናአማ ስለ ውሌ እስካሁን ምንም አላለችም። አባባ ዓርብ ዕለት «ያቺን ልጅ አምጣት፣ ላያት እፈልጋለሁ» ብለዋል።

ከሰዓት በኋላ ሲቫን አዲስ ዘፈን ላከችልኝ። ገና ያልወጣ። «ምን ይመስልሃል?» ብቻ። ስለ እናቷ ነው፤ የእማማ ሃዳስን ስም በሦስት ቀጣሪዎች ቤት ሦስት ዓይነት አድርገው ስለሚጠሩት። ሰማሁት። እንደገና ሰማሁት። አንድ መስመር ጋ ስደርስ አስቁሜ መለስኩት።

ደወልኩላት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«አንድ መስመር አለ» አልኳት። «በጣም ቀናሁበት።»

«የቱ?»

«እናትሽ ስሟን ለራሷ ብቻ የምትጠራበት፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ።»

«እሱን ልሰርዘው ነበር» አለች። «ደካማ ነው ብዬ። ረጅም ነው፣ ከምቱ ይወጣል...»

«እንዳትነኪው!»

ጮኼ ነው ያልኩት። ማሬ ሰሃን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ ኬረን ከክፍሏ።

«እንዳትነኪው፣ ሲቫን» አልኩ፣ አሁንም ድምፄን ሳልቀንስ። «ከምቱ ከወጣ ምቱን ቀይሪው።»

«እሺ» አለች።